ጠበል የሚያሳክከው ደስታው

ደስታው ውሃ ጠላ። የቡሬ በርበሬ አምራች ነው፤ ፊቱ እንደ በርበሬው የቀላ፣ ጨዋታ አዋቂ። ምን ዋጋ አለው፣ ገላውን በታጠበ ቁጥር መላ አካሉን ያሳክከው ጀመር። ሽፍታ የለ፣ ቁስል የለ! ባለፈው ጥምቀት ጠበል ሲረጭ እንደዚያው ሆነና ሲያክክ፣ አንዲት ሴት «ጠበል ሲነካው ይቁነጠነጣል፤ የያዘው ነገር ቢኖር ነው» ስትል ሰማ። ከዚያ ወዲያ ከጠበልም ከገላ መታጠቢያም ራቀ። ለሚስቱ ለቻይነሽ እንኳ ትንፍሽ አላለም። እሷ ግን ማታ ማታ እግሩን በግድ ታጥበዋለች።

ክረምቱ ሲወጣ ሆዱ ተነፋ፤ ቀኝ ጎኑን ይወጋው ያዘ። ቻይነሽ እየጎተተች ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት አደረሰችው።

ዶክተር ያምሮት ሆዱን በአልትራሳውንድ አየችና «ጋሼ፣ ከጉበትዎ ደም የሚወጣበት ሥር ውስጥ ደም ረግቷል» አለችው። «ብዙ ጊዜ የሚረጋው እግር ላይ ነው። እዚህ ሲረጋ ደሙን ራሱን እንጠረጥራለን። ገላዎን ሲታጠቡ ያሳክክዎታል?»

ደስታው ክው አለ። ቻይነሽ አጠገቡ ናት። «አዎ» ቢል፣ ሰይጣን ይዞታል ብላ ጥላው ብትሄድስ? ዝም ቢል ደግሞ በሽታው ሳይታወቅ ሊሞት ነው። የተነፋ ሆዱን ዳበሰ።

«ያሳክከኛል» አለ፤ «ጠበሉም ጭምር!»

«ጎሽ! እንኳን ነገሩኝ» አለች ዶክተሯ። «እሱ የበሽታው ምልክት ነው። የአጥንትዎ መቅኔ ደም ያለልክ እያመረተ ይመስለኛል። ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ካንሰር ነው፤ በምርመራ እናረጋግጣለን። ከሆነም ደም እየቀዳን እንቀንስልዎታለን፣ እንዳይረጋ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ በርበሬዎንም ያመርታሉ።»

ቻይነሽ በእፎይታ ሳቀች። «እኔ ደግሞ ሰይጣኑ ይለቅህ ብዬ እግርህን በጠበል ሳጥብህ ከረምኩ!»

«ታውቂ ነበር?»

«ስታክክ የማላይህ ጎረቤት ነኝ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልሸሸሽኝም?»

«ወዴት?» አለች ግራ ገብቷት።

ምርመራው ዶክተሯ እንዳለችው ሆነ። ደሙ ተቀነሰ፣ መድኃኒቱን ዋጠ፣ ሆዱም ጎደለ፤ ማሳከኩ ግን ገና አልተወውም። ጥምቀት ሲደርስ ደስታው ከፊት ቆመ። ጠበሉ ሲረጭ አሳከከው፤ ያችው የአምናዋ ሴት ዞር ብላ አፈጠጠችበት። እጁ ጀርባው ላይ አልደርስ ብሎት ሲታገል፣ ቻይነሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጇን በጋቢው ሥር ሰድዳ አከከችለት።