ሦስተኛው ብልቃጥ

«ዳቦ ጨምሩላት እንጂ! ሻይዋስ? ብርጭቆዋ ባዶውን ቀረ እኮ!»

ሦስተኛው የለቅሶ ቀን ነው። የሟቹ ሚስት ከወንበሯ ተነስታ ሦስተኛውን ቁራሽ በገዛ እጇ እንግዳዋ ጉልበት ላይ አስቀመጠች። ለቀስተኛው «በሐዘኗ መሀል እንኳ ለሰው ታስባለች» እያለ ተንሾካሾከ። ሞኝ ሁላ! ለሰው አስባ አይደለም። አፍ በዳቦ ከተሞላ አይናገርም ብላ ነው።

እንግዳዋ በሆስፒታሉ አርባ ዓመት ደም ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት። መርፌ ይሏታል፤ ለእጇም ለምላሷም ይሆናል። ሟቹ ደግሞ እሷ የቀዳችውን ደም የሚመረምር የላብራቶሪ ሰው ነበር። ሚስትየዋ በዚህ ዓለም የምትፈራው ምስክር ቢኖር ይህቺን ብቻ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና።

ነገሩ የሠላሳ ስምንት ዓመት ነገር ነው። ያኔ ሚስትየዋ ልጃገረድ ነበረች፤ ራሷን ሲያዞራት ጊዜ ሆስፒታል ሄዳ ደም ሰጠች። በማግስቱ ከላብራቶሪው መስኮት ነጭ ካፖርት የለበሰ አንድ ከሲታ ሰው ብቅ አለና «ደምሽ ረግቷል፤ ድገሚ» አላት። ደገመች። «ረግቷል።» ሦስተኛ ሰጠች። «ረግቷል።»

«የኔ ደም ወተት ነው እንዴ የሚረጋው?» ብላ ኮሪደሩን በጩኸት አናወጠችው። አራተኛው ግን ደህና ሆነ፤ ሰውየውም እስከ ውጭው በር ሸኛት። በዓመቱ ተጋቡ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሁሉ «እኔን እንደገና ለማየት ብሎ ደህናውን ደሜን መለሰው» ትላለች። እሱ ቀና ሳይል «ረግቶ ነበር» ይላታል። ሌላ የፍቅር ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሥራውን ግን ቤት ድረስ ያመጣ ነበር። የሳል ሽሮፑን ሳይቀር እንደ ደም ብልቃጥ ቀስ አድርጎ ስምንት ጊዜ ይገለብጠዋል።

«አይናጥም፤ ደም ከተናጠ ይበላሻል።»

«ይሄ ሽሮፕ ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

«ለምጄ ነው።»

እሷ ደግሞ እልህ ይዟት በቤቱ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ስትንጥ ኖረች።

የባሏ ታላቅ እህት ከማዶ ወንበር ላይ ትስላለች፤ ከትናንት ጀምሮ ሳሉ አለቀቃትም። «መርፌ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ። ወንድሜ ደህና ደም መልሶ ያውቃል? ይህቺ ሴት ስታስወራበት ኖረች። የገዛ እናታችንን ደም እንኳ 'ስሟ አልተለጠፈበትም' ብሎ የመለሰ ሰው!»

«እትዬ፣ ዳቦ ይብሉ» አለች ሚስትየዋ።

«ዳቦሽን ለሷ ስጪ። የጎረሰችውን ውጣ ትንገረን።»

መርፌ ዋጠች። ሚስትየዋ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። ረግቶ ከነበረ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትኮራበት የኖረችው ነገር ሁሉ የአንድ ሠራተኛ ደንብ ማክበር ብቻ ነበር ማለት ነው። ጠይቃ የማታውቀውም ይህንን ፈርታ ነው።

«የመጀመሪያው ረግቶ ነበር» አለች መርፌ።

እህትየዋ ጭኗን መታች። «አላልኩም?»

«ሁለተኛውም።»

ሚስትየዋ ወለሉን አየች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች መርፌ። «ወሬ ከያዝኩ እጄ ይረሳል። ብልቃጡ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፤ ቀድተሽ ወዲያው ካልገለባበጥሽው ከደሙ ጋር አይዋሃድም። ሁለቴ አለቃችን ሰደበኝ። ሦስተኛውን ግን አፌን ዘግቼ፣ ስምንት ጊዜ ቆጥሬ ገለበጥኩት። እሱንም መለሰው! እርር አልኩ። በማግስቱ ከሚጣሉት መሀል ፈልጌ አወጣሁትና ስንጥር ከትቼ ፈተሽኩት። የረጋ ካለ ስንጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይወጣል። ምንም! ጥርት ያለ፣ የሚፈስ ደም!»

«እና?» አለች እህትየዋ።

«እናማ ስንጥሩን አፍንጫው ስር ደቀንኩበት። ጆሮው ቀላ። 'በቁሜ እንዳትነግሪያት' አለኝ። የሦስተኛውን ስድብ ለሱ ስል ጠጣሁት። ይኸው፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ አሁን ተኝቷል። ዳቦ አለ?»

ለቅሶ ቤት ነው ያለ የለም፤ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እህትየዋ «ወይ ወንድሜ! አንተ ቀጣፊ!» እያለች ስትስቅ ሳቋ ወደ ሳል ዞረባት፤ እንባዋም መጣ።

ሚስትየዋ አልሳቀችም። «ብያለሁ!» እንኳ አላለችም፤ እሷን የሚያውቅ ይህ ምን ያህል እንደከበዳት ይገባዋል። ተነስታ ለእህትየዋ ብላ ከመደርደሪያው የባሏን የሳል ሽሮፕ አወረደች። የተከፈተበትን ቀን በራሱ እጅ ጽፎ ለጥፎበታል። እንደ ልማዷ ልትንጠው እጇን አነሳችና ገታችው።

ከዚያ ቀስ አድርጋ ገለበጠችው። አቃናችው። አንድ። ገለበጠችው። አቃናችው። ሁለት። እህትየዋ ማንኪያ ይዛ ትጠብቃለች።

ስምንት ላይ ደረሰች። ክዳኑን ግን አልከፈተችም። እንደገና ከአንድ ጀመረች።