ሥራ የነበራት ልጅ

«ሥራ የሚለውን እንለፈው አይደል፣ ወንድም ዳልጮ?» አለ ገነነ፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈ።

ገነነ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። በሦስተኛው ቀን የማጽናኛ ፕሮግራም ላይ የሚነበበውን የሟች የሕይወት ታሪክ ሁሌም የሚጽፈው እሱ ነው፤ ልደት፣ ትምህርት፣ ጌታን የተቀበለችበት ዓመት፣ ሥራ፣ ትዳር። ሟቿ የአብስራ አላገባችም። በሃያ አምስት ዓመቷ ወባ በአራት ቀን ወሰዳት።

አባቷ ዳልጮ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተከለ። የሐዘን ድንኳኑ ከጫኖ በመጡ የሙዝ ገበሬዎችና በዕድርተኛ ጢም ብሏል፤ እሱን ግን ብቸኝነት ውጦታል። ከኋላው ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ፊዚክስ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣ!»

«ታዲያ ምን ታድርግ? ሥራ የት አለና!»

ይህን ወሬ ማን አወራው? ራሱ ዳልጮ ነዋ!

አንድ እሑድ ከአምልኮ ሲወጡ ይኸው ገነነ «የአብስራ አሁን ምን ትሠራለች?» ብሎ ጠየቀው። ልጅቱ አጠገቡ ቆማለች። ሥራማ ነበራት። ከዩኒቨርሲቲ መምህሯ ጋር ሆና፣ ሌላ አገር ያለ ትልቅ ቴሌስኮፕ ያነሳውን የአንድ ሩቅ ጋላክሲ ምስል በኮምፒውተር እየተቀበለች፣ የተጠማዘዙ ክንዶቹን ትለካ ነበር። ለዳልጮ ግን ከዋክብት ሲባል ትዝ የሚለው ጠንቋይ ነው። ምእመኑ ምን ይለኛል ብሎ ፈራ።

«ቤት ናት። ሥራ እየፈለገች ነው» አለ።

በባጃጅ ቤት ደረሱ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፍታ ጠራችው።

«አባዬ፣ ና እየው። ብርሃኑ እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት ሚሊዮን ዓመት ተጉዟል መሰለህ!»

ጥቁር ላይ ነጭ ነገር ተጠማዝዞ አየ፤ ጣት የዞረበት ወተት ይመስላል።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ደስ ይለኛል።»

«ይሁን። ለሰው ግን እንዳትናገሪ።»

ከዚያ ወዲህ ጠርታው አታውቅም። እናቷ ከሞተች በኋላ ሁለት ሰው ብቻ በቀረበት ቤት እሷ ከጋላክሲዋ ጋር በክፍሏ፣ እሱ ከሬዲዮው ጋር በሳሎን ሆኑ። አሁን አንጀቱን የሚበላው ይህ ነው።

«ወንድም ዳልጮ?»

«ጻፍ። ሥራ ነበራት።»

«ምን ብዬ?»

«ጋላክሲ ታጠና ነበር በል።»

ገነነ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኧረ ተው! ሰው ምን ይላል?»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነው ልጄን በቁሟ የደበቅኋት!»

ገነነ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ማይክሮፎኑን ይዞ ያነበበው ግን ያንኑ የድሮውን ነበር፤ «እህታችን ሥራ በመፈለግ ላይ ሳለች...»

«አይደለም!»

ዳልጮ ተነሣ። አጠገቡ ያሉት ሐዘን ያናወዘው መስሏቸው ሊያስቀምጡት እጁን ያዙት፤ መንጭቆ አስለቀቀ።

«የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ። ልጄ ሥራ ነበራት። ጋላክሲ ነበር የምትለካው። ስሙ...»

ስሙን አያውቀውም። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃት።

«የት ነው ያለው?» አለች ቅድም ስትንሾካሾክ ከነበሩት አንዷ፣ ቀስ ብላ።

በዚያች እሑድ ከአፏ በደቡብ በኩል እንደሆነ ብቻ ሰምቷል። በጠራራ ፀሐይ ከድንኳኑ ወጥቶ ጣቱን ወደ ደቡብ ቀሰረ። ሰዉም ተከትሎት ወጥቶ አንጋጠጠ። ምንም የሚታይ የለም። የዳልጮ ክንድ ዛለ። በሌላው እጁ ደግፎ ያዘው እንጂ አላወረደውም።