አሥራ ሁለት መስመር ጥለት

ማክሰኞ ጠዋት ያፌት ስልክ ላይ ሲጮህ ከሸሚዙ ደረት አንድ መስመር ጥለት ተነሳና ወደ እጮኛው ቀሚስ ሄደ።

አልበረረም። በእጅጌው ወረደ፣ ምንጣፉን አቋረጠ፣ ሶስና የቆመችበት ጋ ሲደርስ በቀሚሷ ጫፍ ወጣና ከሌሎቹ መስመሮች ስር ቦታውን ያዘ። ያፌት አላየውም። ልብሱን እየለካ ድንኳን አከራዩ ላይ ይጮህ ነበር። ሰውየው ለእሁዱ ሰርግ ነጭ ድንኳን እልካለሁ ብሎ ተዋውሎ፣ አሁን ያለኝ ሰማያዊው የለቅሶ ድንኳን ብቻ ነው ይላል።

«አንተ ሰውዬ! ላገባ ነው ያልኩህ ወይስ ልቀበር?»

ሁለተኛው መስመር ሄደ።

«ያፌት» አለች ሶስና ወደ ቀሚሷ እያየች።

«ቆይ!»

«ጥለትህ እኔ ጋ መጥቷል።»

«ምን መጣ?»

«ሁለት መስመር። አሁን ሦስት ሆነ።»

ስልኩን ዘጋና ደረቱን አየ። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኝ ቀርቷል። ባዶው ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳ እንኳን የለም፤ ድሮም ነጭ የነበረ ነው የሚመስለው።

የሶስና እናት እትዬ ጥሩወርቅ ሶፋው ላይ ተቀምጠው የተጠሪዎችን ስም ያጣራሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አዩት፣ መልሰው አደረጉ።

«አይገጥምም» አሉ። «በዚህ ቤት ከሙሽሪት ጋር የማይገጥም ሙሽራ ከጎኗ አይቀመጥም። የእህቴ ልጅ ስታገባ ባልየው ቀለሙ ትንሽ ፈዞ መጣ። ይኸው እስከ ዛሬ ፎቶውን ያየ ሁሉ ሹፌሩ ነው ወይ ይላል።»

«እትዬ፣ እኔ ምን አደረግኩ?» ብሎ ጮኸ።

ስምንት።

ነገሩን ያመጣው ራሱ ነው። ከሁለት ወር በፊት ሱፍና ቬሎ ይቅር፣ አንድ ዓይነት የሀበሻ ልብስ እንልበስ ተባባሉና ሽሮ ሜዳ ሄዱ፤ ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ ሸማኔ ጋ። ቀለም መምረጥ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ያፌት ሰማያዊ አለ፣ ሶስና የወይራ ቅጠል አለች፣ የወይራ ቅጠል ሆነ። መጀመሪያ የተሠራው ሲመጣ የእሱ ከእሷ ፈዘዝ ብሎ ተገኘ። ያን ቀን ያፌት የጮኸው ጩኸት ገበያው ውስጥ ሁለት ሱቅ አዘጋ። ጋሽ አንጁሎ እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እንደከተቱ ሰምተው ጨረሱ።

«እሺ፣ ሁለቱንም ከአንድ ድር ላይ እሠራዋለሁ» አሉ። «ከዚያ መሀሉን ቆርጬ እለያያቸዋለሁ።»

«አይቁረጡት! አንድ ክር እንዳይቆርጡ! አንድ ነው ካልን አንድ ነው፣ ገባዎት ጋሼ?»

«እንዳልክ።»

እንዳለው አደረጉ። ቀሚሱ ቀሚስ ሆነ፣ ሸሚዙ ሸሚዝ ሆነ፣ በሁለት ፌስታል ገባ። ክሩ ግን አልተቆረጠም። እንዴት እንደሆነ እሳቸው አልተናገሩም፣ የጠየቃቸውም የለም።

ማክሰኞ ከሰዓት ያፌት ሸሚዙን በፌስታል ይዞ ሽሮ ሜዳ ወጣ።

«ምንድነው የሠሩብኝ?» ገና ከበሩ።

አንድ መስመር ከፌስታሉ ወጥቶ የጋሽ አንጁሎ ኮፍያ ላይ ተጠመጠመ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መስመሩን እንደ ፀጉር ነቀሉት፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡት።

«ከሚጮኸው ይነሳል፣ አጠገቡ ዝም ወዳለው ይሄዳል» አሉ። «ዝም ስትል ደግሞ ይመለሳል። በቀን ሦስትም አራትም መስመር።»

«አሁን ይቁረጡልኝ በቃ።» ይቺን ቀስ ብሎ ነው ያላት።

«አሁን ብቆርጠው ትተረተራላችሁ።»

«ልብሱ ነው የሚተረተረው?»

«ልብሱም።»

ያፌት ተመልሶ ሸሚዙን ሶስና ክፍል ውስጥ ከቀሚሷ ጎን ሰቀለው። ከዚያ ወደ ግቢ ወጣ፣ በመስኮቷ ስር ቆመ፣ ለሚዜው ለካሌብ ድምፅ መቅዳት ጀመረ። ሰባት ደቂቃ ቀዳ።

«ስማኝ ካሌብ! ስማኝ! ክር ነው የሚንቀኝ፣ ክር! ሰው ቢንቀኝ እሺ፣ ተነጋግረን እንጨርሳለን፣ ክርን ምን ትለዋለህ? እናትየው ደግሞ አትገጥምም ይሉኛል፤ እኔ መጋረጃ ነኝ እንዴ? ወይራ ቅጠል ብላ የመረጠችው እሷ! እኔ ሰማያዊ ነው ያልኩት፣ ሰማያዊ! የት አገር ሰማያዊ ነው እየተነሳ የሚሄደው? ደግሞ ሰውየው ትተረተራላችሁ ይለኛል፣ ተረጋግቶ፣ ሻይ ይፈልጋሉ እንደሚል ሰው!»

ካሌብ አልሰማውም። የአውራ ጣት ምልክት ላከ።

መስኮቱ ተከፈተና ሶስና ሸሚዙን አሳየችው። ነጭ ነው። ከአንገት እስከ እጅጌ አንድ የጥለት ክር የለውም። ከኋላዋ የተሰቀለው ቀሚስ ግን ጥለት በጥለት ሆኖ ቆሞ የሚሄድ ይመስላል።

«አለቀ» አለች። «ያፌት፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ሰርጌ ቀን አንድ ሰው ዝም ብሎ አጠገቤ እንዲቀመጥ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ብዙም አይደለም፣ ከአራት ሰዓት እስከ አሥር።»

ይቺን ልጅ ካጣ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ማወቅም አልፈለገም።

«እችላለሁ» አለ በሹክሹክታ።

ቻለም። ረቡዕ አንድ ሚኒባስ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ረጨው፤ ይባረክ አለ። ሐሙስ ድንኳን አከራዩ ደውሎ በቃ ሰማያዊው ነው የሚመጣው ሲለው፣ ሰማያዊ ጥሩ ቀለም ነው ብሎ አመሰገነው፤ ሰውየው ደንግጦ ስልኩን ዘጋ። አርብ የገዛ እናቱ ልጄን ምን ነካብኝ ብለው ጸበል ሊወስዱት ጎረቤት አማከሩ። መስመሮቹ በየቀኑ ከሶስና ቀሚስ እየወረዱ ወደ ሸሚዙ ተመለሱ። በጋዜጣ የተጠቀለለውንም ሶስና በመርፌ ቁልፍ ያዘችው፣ በማግስቱ ራሱ ተጣበቀ። ቅዳሜ ማታ ሲቆጠር አሥራ ሁለት። ያፌት ሸሚዙን እንደ እንቁላል ይዞ ቤቱ ገባ።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣ። የሙሽሪት ወገኖች በሩን ይዘው፣ እየዘፈኑና እያጨበጨቡ፣ እንደ ወጉ ሰደቡት። አፍንጫውን ሰደቡ። ቁመቱን ሰደቡ። የመጣበትን መኪና ሰደቡ፣ እሱ እንኳን የተከራየው ነው። ፈገግ አለ። ሚዜዎቹ በሩ ላይ እየተጓተቱ ሲቀሩ እሱ ሾልኮ ገባ።

ግቢው ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ወይ በሩ ላይ ነው ወይ ድንኳኑ ውስጥ። በድንኳኑ አፍ ሶስና ትታየዋለች፤ ከጎኗ አንድ ባዶ ወንበር አለ። የቀረው ሃያ እርምጃ ነው። በመሀል፣ ውሃ ታንከሩ ጋ፣ ለድግሱ የተገዛው በግ ታስሯል። ያፌት ሲያልፍ በጉ ቀረብ አለ፣ አዲሱን ነጭ ጫማውን አሸተተ፣ ዞረና በረጋ መንፈስ ሸናበት።

ያፌት ግራ ቀኙን አየ። ማንም የለም። በግ ላይ መጮህ አይቆጠርም ብሎ ገመተ። አምስት ቀን ያጠራቀመውን ሁሉ አወጣው። ስለ ጫማው ጀመረ፣ ወደ ድንኳኑ ሄደ፣ ወደ ጭቃው፣ ወደ አፍንጫው፣ በመጨረሻ የበጉን እናት አነሳ። በጉ አፉን ዘግቶ አዳመጠ።

አሥራ ሁለቱም መስመር በአንድ ጊዜ ሄዱ።

እትዬ ጥሩወርቅ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። በጉን አዩ። አንገቱ ላይ አራት፣ ደረቱ ላይ ስምንት፣ የወይራ ቅጠል ከወርቅማ ጠርዝ ጋር። ወደ ልጃቸው ዞረው አዩ፣ መልሰው በጉን አዩ።

«ገጠመ» አሉ።

«እትዬ፣ በግ እኮ ነው!»

«አይቼዋለሁ። ግን አይጮህም።»

«ሶስና፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ሶስና ድንኳኑ አፍ ድረስ መጣች። አልተቆጣችም። ዓይኗ ብቻ ትንሽ ቀልቷል።

«ስድስት ሰዓት ዝም ማለት ብቻ ነበር ያፌትዬ» አለች።

ፎቶ አንሺው የፀሐዩ ብርሃን ሳያልፍ ቶሎ በሉ አለ። ካሌብ ደርሶ ያፌትንም በጉንም አያቸውና ሚዜነቴ ለማን ነው ብሎ ጠየቀ። ለሙሽራው ነው ተባለ። በጉን ፈታ፣ ገመዱን ጣለ፣ ካባ ደርቦለት ይዞት ገባ። እልልታው ቀለጠ። በጉ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፤ ወይም አሸተተ፣ ከሩቅ አይለይም። መረቁት። ከሶስና ጎን ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ያፌት ውሃ ታንከሩ ጋ ቀረ። ሸሚዙ ነጭ፣ ሱሪው ነጭ። እግሩ ስር የተበላ ሣርና ገመዱ አለ።

በጓሮ በር አንድ ሰው ቢላና ድንጋይ ይዞ ገባ።

«እመቤት፣ የሚታረደው የቱ ነው?»

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ድንኳኑ እየተጣደፉ ነበር፤ አልዞሩም። «ውሃ ታንከሩ ጋ ያለው። ነጩ።»

ሰውየው ያፌትን አየው። እሺ አለ። ገመዱን አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለ፣ ተቀመጠ፣ ቢላውን መሳል ጀመረ።

ያፌት አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው።

ድንኳኑ ውስጥ ከበሮ ተመታና በጉ ደንግጦ ጮኸ። በሸራው ስር አንድ መስመር ጥለት ወጣ። ግቢውን አቋርጦ መጣ፣ በረጠበው ጫማ ላይ ወጣ፣ ያፌት እጅጌ ላይ ተቀመጠ። በጉ ደገመው። ሁለት።

ያፌት ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ሦስት። ሰውየው ቢላውን በአውራ ጣቱ ሞከረና መልሶ ድንጋዩ ላይ አደረገው።

አራት።