ድንበር የሆኑት ዛፎች

ወሩ መጋቢት ይሁን ሚያዝያ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ የአንዳንዱንም ሰው ንግግር ቃል በቃል አልያዝሁትም። ዛፎቹ ግን አርባ አንድ ነበሩ፤ መራመድ የጀመሩትም ሰኞ ጠዋት ነው።

መጀመሪያ ያየው የደን ጠባቂው አያ ውበቱ ነው። ከትልቁ ዝግባ ፊት ለፊት ዘወትር የሚያርፍባት ድንጋይ ነበረችው። የዚያን ለታ ሲመጣ ድንጋይዋን ከዝግባው ኋላ አገኛት። በዘንጉ ለካ። ዝግባው ሁለት ክንድ ወደ መንደሩ መጥቷል። የቀሩትን አርባውንም አንድ በአንድ ዞሮ ለካቸው፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ክንድ መጥተዋል። አፈሩ አልተገመሰም፤ ቅጠልም አልረገፈም።

ዛፎቹ ድንበር ነበሩ። የደን ማኅበሩ ጫካውን ለሁለት ሲከፍለው ውጭው ለማገዶና ለአጥር፣ ውስጡ ለዱር እንስሳትና ለምንጩ እንዲሆን ነበር። በመካከሉም የድንበር ድንጋይ ይተከል ተባለ። ለመትከል የሚሆን ድንጋይ የሚገኘው ከወንዝ ማዶ ነው፤ ውበቱን ደግሞ ወገቡን ያመዋል። ስለዚህ በድንበሩ ላይ በቆሙት አርባ አንድ ዛፎች ግንድ ላይ ቀይ ቀለበት ቀባ። በቃለ ጉባኤውም “ጥብቁ ክልል ከቀይ ቀለበቱ ወዲያ ያለው ነው” ተብሎ ተጻፈ። ያኔ ሁሉም ብልሃቱን አመሰገኑለት።

የደን ባለሙያዋ ወይዘሪት ምንትዋብ ከወረዳ መጣች። ዛፎቹን አየች፤ ቃለ ጉባኤውንም ሁለት ጊዜ አነበበች።

“እንግዲህ ድንበሩ ዛፉ የቆመበት ነው” አለች።

“ቀለሙን ብፍቀውስ?”

“የድንበር ዛፍ ቅርፊት የነካ ይከሰሳል ይላል። ይቺን ማን ነው ያስገባት?”

“እኔ ነኝ።”

“ጥሩ አድርገዋል አባባ” አለች። ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ተመለሰች።

ዛፎቹ በየቀኑ ሁለት ክንድ መጡ። ከኋላቸው ችግኝ እየተከተለ ይበቅል ነበር። የማገዶውን ቦታ አለፉ፤ ከዚያም የማኅበሩን ባሕር ዛፍ አለፉ። ሴቶቹ እንጨት ፍለጋ ሩቅ መሄድ ጀመሩ፤ ሲያልፉም “አያ ውበቱ፣ ጫካህን እሰርልን እንጂ” ይሉታል። እሱ ዛፎቹ ፊት ፊት እየሄደ ሰው እንዳይገባ ይጠብቃል። የገባም አልነበረም።

ለጫካው የሚቀርበው ቤት የራሱ ነው። ባለቤቱን ጠጂቱን ዕቃ እናውጣ ቢላት “ጎመኔ ሳይደርስ አልነቃነቅም” አለችው። በሰኔ፣ ረቡዕ ይመስለኛል፣ ከዙር ሲመለስ ዝግባው በእሱና በበሩ መካከል ቆሟል። ጠጂቱ ከወዲያ ጎመኗን ትኮተኩታለች።

“ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ” አለችው።

“ጥብቅ ክልል ሆኗል።”

“ቤትህ ነው።”

“ቤቴም ቢሆን።”

“አንድ ጊዜ ለሰው ምሳሌ ይሁን ብለህ ሸክሜን አስወርደህ ጭራሮዬን በትነህብኛል። ያኔ ሰው ያይ ነበር። ዛሬ ማን ያይሃል?”

“እኔ አያለሁ።”

ጠጂቱ ሳቀች። “እሺ፣ እኔው ልውጣልህ” ብላ መኮትኮቻዋን ጥላ መጣች። ዛፉ ዘንድ ስትደርስ ውበቱ ዘንጉን አጋደመባት።

“ምነው?”

“በክልሉ ውስጥ የተገኘ ሕይወት ያለው ነገር አይወጣም ይላል።”

“እኔ ጉሬዛ ነኝ?”

“ለጉሬዛ ብቻ ነው አይልም። ትንሽ ታገሺ፤ ፈቃድ እጽፋለሁ።”

ጻፈ። መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከወረዳ መጣ። የመግቢያም የመውጫም ፈቃድ የሚጸናው ጠባቂው ሲፈርምበት ነው፤ ጠባቂ ግን ለራሱና ለቤተሰቡ መፈረም አይችልም ይላል። ውበቱ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ትክክል ነበር።

ድንበሩ ቤቱን ወደ ኋላ እየተወ ሄደ። ውበቱ ከሳር የሠራትን ማደሪያ በየማለዳው ሁለት ክንድ ይስባታል። በመጀመሪያ ከጠጂቱ ጋር በዛፎቹ መካከል ይጨዋወቱ ነበር። በነሐሴ ይጯጯሁ ነበር። በመስከረም እሱ ይጣራል፤ እሷ አትመልስም። ሊላት የፈለገውን ሁሉ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰዓቱን ሳያዛንፍ፣ ስሟን ብቻ እየጠራ ይጨርሰዋል።

በኅዳር ማር ቆራጩ ስንሻው በክልሉ ውስጥ የቀረ ቀፎውን ሊያይ ፈቃድ ጠየቀ። ለሌላ ሰው መፈረም ስለሚቻል ውበቱ ፈረመለት። ስንሻው በሚካኤል ማግስት ወጣ።

“ደህና ናት?” አለው ውበቱ።

“ደህና ናት። ጎመን አብልታኛለች። ምንጩም ሞልቷል፣ ድኩላውም ከደጅ ይተኛል፤ ደኑስ አምሮበታል።”

“ብቻዋን ምን ትላለች?”

ስንሻው የማሩን እንስራ አወረደ።

“ብቻዋን መች ሆነች? አንተ አለህ።”

“እኔ?”

“በር ላይ ተቀምጠህ ዘንግ ትልጥ ነበር። ዛፉ የመጣ ለታ ገብቼ ቀረሁ አልኸኝ። ስለ ጠባቂውም ጠየቅኸኝ።”

“ምን መለስህ?”

“ደህና ነው፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ ነው አልሁህ። አዘንህለት።”

ስንሻው እንስራውን አንሥቶ ወደ መንደር ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከውስጥ የመጣ ወሬ የለም።

የዚያን ለታ ውበቱ ከዛፎቹ ፊት ለፊት ቀረ። ዛፎቹ ሁለት ክንድ መጡ፤ እሱም ሁለት ክንድ ወደ ኋላ ሄደ። ያን ጊዜ ከጫካው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ አንድ ሰው በእሱ ድምፅ “ጠጂቱ” ብሎ ተጣራ።

“አቤት” አለች።