ዕቃ ቤት ብዬ የጻፍኩት ክፍል

፩

መስመር 4 (ዕቃ ቤት) ለጊዜው ጠፍቷል።
ምክንያት፦ ከኃይል መረቡ የመጣ የጭነት ቅነሳ ጥያቄ።
የተጎዳ ተጠቃሚ፦ የለም።
ሁሉም ነገር በትክክል እየሠራ ነው።

፪

ከላይ ያለውን መልእክት የላከው ማሽን ነው። ቃላቱን ግን አንድ በአንድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ናሁሰናይ እባላለሁ። ለመኖሪያ ቤቶች ብልህ የመብራት መቆጣጠሪያ በሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ተቀጣሪ ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጋሽ አስራደ ግቢ ውስጥ በኪራይ ነው። ታሪኩን በቁጥር የቆራረጥኩት ዘመናዊ ለመምሰል አይደለም። በአንድ ትንፋሽ ልናገረው ስሞክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለምቆም ነው። የት እንደምቆም ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ስንደርስ ብታግዙኝ ደስ ይለኛል።

፫

ስለ ግቢያችን ማወቅ ያለባችሁ አንድ ሕግ አለ።

ተከራዩ ብዙ ነው፣ ቆጣሪው አንድ። ስለዚህ ከባድ ነገር የሚሰካ ሰው መጀመሪያ ደጅ ወጥቶ «ልሰካ ነው!» ብሎ ይጣራል። የኤሌክትሪክ ምድጃ የለኮሰ ካለ «ቆይ!» ይለዋል። ከሌለ፣ ከየቤቱ «ስካ!» ይባላል። ባለቤቱ ጋሽ አስራደ እንኳ በገዛ ግቢያቸው ካውያ ሲሰኩ ይጣራሉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ መልሱን ሳይሰሙ ይገባሉ እንጂ።

እኔ ይህን ጩኸት ኋላ ቀርነት ነው አልኩ። ጋሽ አስራደን ለምኜ መቆጣጠሪያውን በነጻ ገጠምኩላቸው። እያንዳንዱን መስመር ለይቶ ያውቃል። የከተማው ጭነት ሲበዛ ከኃይል መረቡ መልእክት ይደርሰዋል፤ እሱም ከግቢው ውስጥ ብዙም የማያስፈልገውን መስመር መርጦ ያጠፋል።

አይጣራም።

፬

(ከጎረቤቴ ከእትዬ አሰገደች ጋር የተደረገ ንግግር፣ እንደማስታውሰው)

እትዬ አሰገደች፦ ናሁዬ፣ ስልክህ ላይ የሁላችንም ክፍል ይታያል አሉ። እውነት ነው?

እኔ፦ አዎ እትዬ። በኔም ስልክ፣ በጋሽ አስራደም ስልክ።

እትዬ አሰገደች፦ (ድምጿን ዝቅ አድርጋ) የኋለኛዋ ክፍሌስ?

እኔ፦ «የጫጩት ቤት» ብዬ ልጻፋት?

እትዬ አሰገደች፦ ኧረ በማርያም! ሽማግሌው እንስሳ ግቢዬ አይገባም ማለታቸውን አታውቅም? ደግሞስ ገና ላባ ያላወጣ ነገር ስሙ ተጽፎ ይሰቀላል? ዓይን ይበላቸዋል!

እኔ፦ ታዲያ ምን ልበላት?

እትዬ አሰገደች፦ እንጃ። ዕቃ ቤት በላት።

እኔ፦ ዕቃ ቤት።

እትዬ አሰገደች፦ ተባረክ።

፭

እትዬ አሰገደች ከፋብሪካ በጡረታ ከወጣች በኋላ የወርቅ ጉትቻዋን ሸጣ ነው ጫጩቶቹን የገዛችው። ሲያድጉ እንቁላል ልትሸጥ፣ ከሰው እጅ ሳትጠብቅ ልትኖር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በላያቸው የተንጠለጠለው ቀይ የማሞቂያ አምፖል እናታቸው ነበር።

ምስጢር ነበሩ ስል ደግሞ አትሳቁብኝ። ሲንጫጩ ከጋሽ አስራደ በቀር ግቢው በሙሉ ይሰማል። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ባለቤቷ እስክትናገር ድረስ እንዳላወቁ መሆን እኛ ጋ ጨዋነት ነው። እኔም ጨዋ ሆንኩ፤ ስሙን ደበቅኩላት።

መቆጣጠሪያው ግን ክፍሎችን የሚመዝነው በስማቸው ነው። ደረጃውን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፦ መጨረሻ የሚጠፋው መኝታ ቤት፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ዕቃ ቤት። ዕቃ ቤት ውስጥ ማን ይኖራል ብዬ?*

* ይህ የግርጌ ማስታወሻ ሰበብ መደርደሪያ ነው። «ረስቼው ነው» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩ። «አላሰብኩትም» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩ። ሁለቱም ጫጩት አያሞቁም።

፮

አዲስ አበባ፣ የአንድ ሆቴል አዳራሽ። ውጭው መጨለም ጀምሯል፤ በየቤቱ ምድጃ የሚለኮስበት፣ የከተማው ጭነት ጣሪያ የሚነካበት ሰዓት ነው። የድርጅታችንን ሥራ ለእንግዶች የማሳየው እኔ ነኝ። ትልቁ ስክሪን ላይ የኛ ግቢ ተዘርግቷል፤ መስመሮቹ ሁሉ አረንጓዴ።

መልእክቱ መጣ። መስመር 4 ግራጫ ሆነ።

ማይክራፎኑን ጠጋ አድርጌ «እንደምታዩት፣ የግቢው ሰው መብራት እንደተቀነሰ እንኳ አያውቅም» አልኩ።

አጨበጨቡ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሰውዬ «ድንቅ ነው!» አሉ። ደስ አለኝ። ከሁሉም በላይ የማፍርበት ይህ ነው፤ ከልቤ ደስ አለኝ።

፯

በዚያው ሰዓት እትዬ አሰገደች ለቅሶ ቤት ነበረች። ምንትዋብ ደግሞ ሙሽራ ይዛለች። ምንትዋብ ከኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ተከራይታ እዚያው ፀጉር የምትሠራ ልጅ ናት። ሚዜዎቹ «መሸ! መሸ!» እያሉ ሲያጣድፏት፣ የፀጉር ማድረቂያ ካስኩን ደጅ ወጥታ ሳትጣራ ሰካችው።

እትዬ ስትመለስ የሁሉም ቤት መብራት በርቷል፤ የኋለኛዋ ክፍል ብቻ ጨለማ ናት። ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። የታችኞቹ ታፍነው፣ የላይኞቹ በርዷቸው።

ሁሉም።

እሷ በስልኳ መብራት አንድ በአንድ እያነሳች ስታይ አምፖሉ ራሱ በራ።

መስመር 4 (ዕቃ ቤት) ተመልሷል።
የተጎዳ ተጠቃሚ፦ የለም።
ሁሉም ነገር በትክክል እየሠራ ነው።

፰

በማግስቱ ስመለስ ፍርዱ አልቆ ጠበቀኝ። ጋሽ አስራደ ስልካቸው ላይ የመጣውን ሳያነቡ «ካስኩ ነው መስመሩን ያንገላታው» ብለዋል። ስለ እንስሳው መቆጣትም ረስተዋል። ምንትዋብም አምናለች። ሳትጣራ መስካቷን ታውቃለቻ!

ልብሴን ሳልቀይር በሬን አንኳኳች። ዓይኗ አብጧል።

«ናሁ፣ አንተ የመብራት ሰው ነህ። እውነት ካስክ እንዲህ ያደርጋል?»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማሽኑ የላከውን መልእክት ሆቴል ውስጥ ሳለሁ ባላነብም፣ መኪና ውስጥ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

«ሊያደርግ ይችላል» አልኳት።

ማሽኑ ጫጩቶቹን የገደለው ሳያውቅ ነው። እኔ ይህን ያልኩት እያወቅሁ ነው። እዚህ ቁጥር ላይ ልታዝኑልኝ አትሞክሩ።

ያን ዕለት እትዬ አሰገደች በሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። «አንተ ብትኖር ኖሮ ትደርስልኝ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም፣ ከዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል፣ «ምሳ በልተሃል?» አለችኝ።

፱

እንዴት ዝም ይባላል (መመሪያ)

ስልክህን አውጣ። «ዕቃ ቤት» የሚለውን ሰርዝና «ክፍል 4» ብለህ ጻፍ። አሁን ስሙን የደበቅከው ለእትዬ ሳይሆን ለራስህ ነው፤ ልዩነቱን እንዳላየህ ሁን።

ሥራ አስኪያጁ ሲደውልልህ አንሳ። «ያ ማሳያህ ልባቸውን ወሰደው፤ በብዙ ግቢ ልንገጥም ነው፤ ኃላፊው አንተ ነህ» ሲልህ አመስግን። ብትናገር ይህ ሁሉ እንደሚቀር አስብ። ብዙ ግቢ ውስጥ ስንት «ዕቃ ቤት» እንዳለ ግን አታስብ።

በምንትዋብ በር ስታልፍ ስልክ የምታወራ ምሰል።

«ዝም አይነቅዝም» ብለህ ራስህን አጽናና። ውሎ ሲያድር እንደሚነቅዝ ታየዋለህ፤ እህል ስታላምጥ እንኳ ጣዕሙ ይሰማሃል።

«ምንትዋብ እትዬን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም ብላ ቤቱን ልትለቅ ነው፤ እሑድ ይቅርታ ጠይቃ ትወጣለች» ሲሉህ «ያሳዝናል» በል።

አልኩ።

፲

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። የግቢው ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ አስራደ ወንበር ላይ፣ እትዬ አሰገደች በሯ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። የምንትዋብ ፍራሽ ተጠቅልሎ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ካስኩ በአንሶላ ተጠቅልሏል።

ምንትዋብ ከጓሮ ብቅ አለች። ትከሻዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች፤ የበደለ ሰው ምሕረት ሲለምን እንደሚያደርገው። ቀላል ድንጋይ አልመረጠችም። እየተንገዳገደች መጥታ እትዬ ፊት ተንበረከከች።

«ሳልጣራ ሰክቼ ነው እትዬ። ስለ ወለደችሽ።»

እትዬ «አውርጂው» እስክትል ድንጋዩ አይወርድም። እትዬም ልትል አፏን ከፈተች፤ እንባ ቀደማት። ምንትዋብ ጠበቀች። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

ያ ድንጋይ የኔ ነበር። ክብደቱን ከቆምኩበት ሆኜ አውቀዋለሁ።

እግሬ ወደ ግቢው መሀል ወሰደኝ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ግቢው ያስተማረኝን፣ እኔ ኋላ ቀርነት ነው ያልኩትን ጮህኩ።

«ልሰካ ነው!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አንድ ሰው፣ ከልማድ ይመስለኛል፣ ከውስጥ ቤት «ስካ!» አለ። ማንም አልሳቀም።

፲፩

(ንግግር፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ)

እኔ፦ ምንትዋብ አይደለችም። ካስኩም አይደለም።

ጋሽ አስራደ፦ ምን አለ? ምን ይላል ይሄ ልጅ?

ምንትዋብ፦ (ከድንጋዩ ሥር ቀና ለማለት እየታገለች) ናሁ?

እትዬ አሰገደች፦ ታዲያ ማነው፣ ልጄ?

እኔ፦