የሂተሩ ሞተር ጩኸት

…ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ጭንቅላቷ ከፒክአፑ ክሩስኮት፣ ከመሪው ፊት ካለው ሰሌዳ ስር፣ እግሮቿ በተከፈተው በር ወደ ግቢው ተዘርግተው፣ ቆይ ትላለች ለራሷ፣ ሳቁ ይውጣልኝ፣ ዋናው ገና ነው፣ ዋናው ሙቅ አየር ሲነፋበት ወንድሟ የሚያሳየው ፊት ነው፣ አሁን ግን የአይጥ ጎጆ ተደፍቶባት ገለባው፣ የወንበር ስፖንጁ፣ የከረሜላ ወረቀቱ ሳይቀር አፏ ገብቶ፣ እንትፍ፣ ወንድም ጋሼ፣ ለካ ቤት ታከራያለህ፣ ትለዋለች።

አይስቅም። ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያያታል።

ስምንት ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት፣ ሳንባው ውሃ ቋጥሯል፣ ዛሬ ካልተቀዳለት ሰኞ መድረሱን እንጃ ብሏታል ዶክተሩ፣ ለእሷ ለብቻዋ፣ ብርድ እንዳያገኘው ደግሞ፣ መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ያውም ተራራ ለተራራ፣ ያለ ሂተር መስታወቱ በእስትንፋስ ይሸፈንና ወደ ገደል ነው፣ አውቶቡስ ብትለው እምቢ፣ የጎረቤት መኪና ብትለው እምቢ፣ ሌላ ሰው የጠገነው መኪና ላይ አልሳፈርም አለ፣ ሠላሳ ዓመት መካኒክ የነበረ ሰው ሲታመም እንዲህ ነው፣ እንግዲያው የራስህን ሂተር እኔው እሠራዋለሁ አለችው፣ አልመለሰም፣ ዝምታውን እሺ ብላ ወሰደችው።

ትሞክረዋለች እንጂ፣ ምን ይሳናታል፣ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ብታቋርጥም ካቻቢቴ እያቀበለችው ነው ያደገችው፣ ከቀላሉ ጀምሪ ይላት ነበር፣ ከቀላሉ። ፊውዙን ነቅላ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች፣ ክሩ ደህና ነው፣ በክላክሱ ፊውዝ ትለውጠዋለች፣ ያው ነው፣ ቁልፉን አዙራ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን ሪሌ ስታዳምጠው ቀጭ ይላል፣ እሱም ደህና፣ ማብሪያውን አንድ ላይ፣ ሁለት ላይ፣ ሦስት፣ አራት። ምንም። ሂተሩ ዝም ወንድሟ ዝም፣ በሁለት ዱዳ መሃል አንዲት ለፍላፊ፣ መጥኔ ለእኔ ትላለች፣ እንደገና ሳቅ ይመጣባታል፣ ግማሹ ላይ ይቀራል። እያሳለ ነው። እስኪጨርስ ትቆጥራለች፣ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት።

ፍጠኚ፣ ፍጠኚ። ምናልባት ሞተሩ ራሱ ይሆናል የሞተው፣ ሶኬቱን ትነቅላለች፣ ከባትሪው ሁለት ሽቦ ስባ በቀጥታ ትሰጠዋለች፣ ብልጭ ይልና ይነሳል፣ ኧረ እንዴት ያለ ጩኸት ነው፣ እሪ እያለ፣ የቀረችው አቧራ ሁሉ ዓይኗ ውስጥ፣ ዘይት ጠምቶታል እንጂ ይዞራል፣ ይሠራል ወንድም ጋሼ፣ ይሠራል፣ በጩኸቱ ላይ ትጮሃለች፣ ቀና ስትል ወንበሩ ባዶ ነው።

ብርድ ልብሱ መሬት ወድቋል።

በርዶት ገብቶ ነው። ይሆናል። ሽቦዎቹን ታላቅቃለች፣ ጸጥ ይላል፣ ብርድ የሚፈራ ሰው ብርድ ልብሱን ጥሎ አይገባም፣ ተዪው አሁን፣ ሽቦውን ተከተዪ፣ ፊውዙ ደህና ሞተሩ ደህና ከሆነ ጉዱ መሃል ላይ ነው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት ካፖርት ደርቦ ሲነዳ ሂተሩስ ሲሉት ተበላሸ ይላል፣ የአገሩን መኪና ሁሉ የሚሠራ ሰው የራሱን አቅቶት፣ ቤተሰቡ እንዴት ሳቀበት፣ ከሁሉ በላይ የሳቀችው እሷ፣ ሦስት ዓመት፣ የወንድሟ ሚስት ካረፈች ስንት ሆነ፣ በዚችው መኪና፣ በዚያው መንገድ፣ እዚያው ሆስፒታል ሊያደርሳት ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ነው ያረፈችው አለ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም፣ እነሱም አልጠየቁም፣ ያቺ ዝምተኛ ሴት፣ ለቅሶዋ ላይ እንኳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለቀሰላት።

ጣቷ ከምንጣፉ ስር ሽቦውን ያገኘዋል። ተቆርጧል። አልተበጠሰም፣ አይጥም አልነካው፣ በፒንሳ ቀጥ ተደርጎ ነው የተቆረጠው፣ ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ በሚያጣብቅ ናስትሮ ተጠቅልለዋል፣ የናስትሮው መጨረሻ ትንሽ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ በኋላ የሚፈታው ሰው ጥፍሩ እንዳይቸገር፣ እንዲህ አድርጎ የሚያጥፍ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ታውቃለች።

ሁለቱን ጫፍ ይዛ ተኝታ ትቀራለች። ከዚህ በላይ የምትፈትሸው ነገር የላትም።

የእግሩን ኮቴ ትሰማለች፣ ከዚያ እጁ የመኪናውን ጣሪያ ይደገፋል፣ ከስር ሆና የምታየው ጉልበቱን ብቻ ነው፣ ሳትጠይቀው ይናገራል፣ እየቆረጠ፣ ትንፋሹ በፈቀደለት መጠን፣ ያን ቀን ሂተሩን አራት ላይ አድርጎት ነበር፣ ሚስቱን እንዲሞቃት፣ እንዲህ ሲጮህ ነበር፣ ዓይኑ ኩርባው ላይ፣ ዞር ሲል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፣ ምን አልሽ አላት፣ እስኪያጠፋው ድረስ ጨርሳ ነበር፣ አልደገመችለትም። ውሃ ትሁን፣ ስሙን ትሁን፣ አቁም ትሁን የተናገረችው፣ አያውቅም።

እህቱ ሁለቱን ጫፍ እንደያዘች እንተወው ትለዋለች፣ ካፖርት እንደርባለን፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እንይዛለን፣ መስታወቱን በጨርቅ እየጠረግሁ እነዳለሁ፣ ይቅር፣ ናስትሮውን ደግሜ እጠቀልለዋለሁ፣ እንደነበረ፣ ጠርዙን አጥፌ።

ሳል ይይዘዋል። ረጅም ነው፣ አትቆጥረውም። ሲያልፍለት ብርድ ልብሱን ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ አራግፎ ትከሻው ላይ ያደርጋል፣ ዞሮ በሌላው በር ይገባል፣ ሚስቱ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አሁን ከላይዋ ፊቱን ታየዋለች፣

«የእሷ ድምፅ ትንሽ ነበር» ይላታል፣ «የአንቺ ከዚህ ሞተር ይበልጣል። ሽቦውን ቀጥዪው፣ እስክንደርስ ድረስ ብቻ አፍሽን እንዳትዘጊብኝ።»