ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ

«እዚች ጋ ቁረጠው!» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም ጣቱን ላፕቶፑ ላይ ደግኖ። «ሦስት ደቂቃ ከአሥር። ከዚህ ወዲያ ያለው ጭፈራ ነው። ለቅሶ ቤት ጭፈራ አላስገባም።»

ኪቦርዲስቱ ማውሱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከሟቹ ዘፋኝ ጋር ሃያ ዓመት አብሮ ተጫውቷል፤ ነገ፣ የሐዘኑ መጨረሻ ቀን፣ የሚከፈተውን የሱን ዘፈን እንዲያዘጋጅ ነው የተጠራው። ቀና ብሎ የሟቹን ልጅ አያት።

«እንዳትነካው» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ አባዬን የሚለውን ታውቃለህ ጋሼ። ገልባጩ ነው የሚለው።»

እውነትም ቅጽል ስሙ ገልባጩ ነበር። አንጀት በሚበላ ዜማ ቀስ ብሎ ይጀምርና፣ ሰው መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ፣ ድንገት ድራሙን ለቆበት ዘፈኑን ግልብጥ ያደርገዋል። ትናንት ለቅሶ የመጡ አንዲት ሴትዮማ «ነፍስ ይማር፣ መቼም የገልባጭ መኪና ሥራ አድካሚ ነው» ብለው፣ ልጅቷ አፏን በሻርፗ ይዛ ጓዳ ገባች። ከሞተ ወዲህ የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

«አሳታሚው ሁለት ዘፈን አድርገው ሲለው ምን አለ?» ጠየቀች።

«እኔ ሁለት ሰው ነኝ እንዴ?» አለ ኪቦርዲስቱ፣ የሟቹን ድምፅ አስመስሎ። «ካሴቱ ሳይወጣ አንድ ዓመት ቆየ። ንቅንቅ አላለም።»

ዘፈኑ የት እንደተገለበጠ እሷ ታውቃለች። እናቷ የሞተች ሰሞን ነው፤ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ኩሽና ቁጭ ብሎ በጊታር እያንጎራጎረ ያለቅሳል፤ እሷን ደግሞ ርቧታል። ማንኪያ አንስታ ድስት መቀጥቀጥ ጀመረች። አሁን ጮኸብኝ ስትል፣ ጊታሩ ማንኪያዋን ተከተለ። ያንኑ ግጥም፣ አንድ ቃል ሳይቀይር፣ በሷ ፍጥነት ዘፈነው። እያለቀሰ። እየዘፈነ እንቁላል ጠበሰላት።

ይሄንን ለአጎቷ ነገረችው።

«ግጥሙ ምን አገባው? ምቱ ነው እግር የሚያስነሳው» አለና ወጣ።

በማግስቱ ሳሎኑ ጢም አለ። ዘፈኑ ተከፈተ፤ ሰው አቀረቀረ። ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ሲል አጎቷ ብድግ ብሎ ወደ ስፒከሩ ሄደ። ቀድማው ፊቱ ተገተረች።

«ዞር በይ» አለ በሹክሹክታ።

«አልዞርም።»

ድራሙ ፈነዳ። ሻይ ይዞ የነበረው ሁሉ ብርጭቆው አየር ላይ ቀረ። «ኧረ ነውር ነው!» አለ አንዱ ከጥግ። እሷ ድምፅ የላትም፣ ታውቀዋለች፤ ግን ዓይኗን «ነውር» ባለው ሰውዬ ላይ ተክላ አብራ መዝፈን ጀመረች። ኪቦርዲስቱም ከተቀመጠበት ተቀበላት።

የአጎቷ እጅ በትከሻዋ አልፎ የድምፅ መቆጣጠሪያው ጋ ደረሰ። ያዘችው። እጁ ግን ማጥፋቱን ትቶ የሷን ጭብጥ አደረገ።

«ታናሼ እኮ ነው» አለ። «እኔ እያለሁ...»

ከቀብሩ ጀምሮ እንባ ያልወጣው ሰውዬ ትከሻዋ ላይ ተደፋ። የሚወጣው ድምፅ ራሱንም አስደነገጠው፤ አፉን በእጁ ሊያፍን ታገለ።

«ተወው ጋሼ፣ አልቅስ» አለችው በጆሮው። «ማንም አይሰማህም።»

ሌላ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የዘፈኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ጨመረችው።